የታቀፈችው አዞ

ሙሽራን ሊወስዷት የመጡ ዕለት ዶሮ እያጠብኩ ነበር። ሆን ብዬ ነው።

ሰው ዶሮ ወጥ የሚሠራበት የየራሱ ምክንያት አለው፤ አንዱ ለበዓል፣ አንዱ ለአራስ፣ አንዱ ለአማት። የእኔ ምክንያት የዚያን ቀን ጊዜ መግዛት ብቻ ነበር። ሽንኩርቱ እስኪቁላላ፣ ዶሮዋ ብልት በብልት እስክትወጣ፣ በሎሚና በጨው ታጥባ ታጥባ ውኃው እስኪጠራ ድረስ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ዶሮ ተጥዶለት ጥሎ የሚሄድ እንግዳ ደግሞ በዚህ አገር ገና አልተወለደም። መንግሥትም ቢሆን የሚልከው የሰው ልጅ ነው፣ የሰው ልጅ ደግሞ ሆድ አለው ብዬ አሰብኩ።

ሙሽራ አዞ ናት። ጫሞ ሐይቅ ዳር፣ ሸንበቆ ወደብ በምንላት ትንሽ ሰፈራችን፣ ከቤቴ በር ፊት ለፊት ካለው አሸዋ ውስጥ እንቁላሎቿን ቀብራ ትጠብቃለች። አስናቀች አዞዋን ትወዳታለች ይሉኛል። ውሸት ነው። ሁለት ፍየልና አንድ ውሻ በልታብኛለች፣ እንዴት አድርጌ ነው የምወዳት? ግን ጎረቤቴ ናት። ሐይቁ የሸሸ ጊዜ፣ የጠራ የዘር ሐረግ አለው የተባለ ሰው ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ሐረጉ አገር ሲሄድ፣ መሄጃ የሌለን ጥቂት ቤተሰቦችና እሷ ነን የቀረነው። ጠዋት በሬን ስከፍት መጀመሪያ የማያት እሷን ነው።

አሸዋው ከዓመት ዓመት እየጋለ ሄዶ የሌሎቹን አዞዎች እንቁላል ቀቅሎ አስቀርቶታል። በሐይቁ ዙሪያ የተረፈው የሙሽራ ጎጆ ብቻ ነበር፣ እሱም ሊፈለፈል ቀናት ነበር የቀሩት። የአዞ ግልገል ደግሞ ብቻውን ከአሸዋ መውጣት ይቸግረዋል። እናቱ ድምፁን ሰምታ ካልቆፈረችለት እዚያው ታፍኖ ይቀራል። እናቲቱን የወሰደ ሁሉንም ወሰደ ማለት ነው፣ እኔን ያንገበገበኝም ይኸው ነው።

ነገሩ እዚህ የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። እኔ ልጅ ሳለሁ አዞ አዞ ነበር። ኋላ ሊቃውንት ደሙን መርምረው፣ አንድ ነው ሲባል የኖረው የዓባይ አዞ ሁለት ነው፣ የምሥራቁና የምዕራቡ ሚሊዮን ዓመታት ሳይገናኙ የኖሩ ናቸው አሉ። እሺ፣ ይሁን። እውነት ነበር፣ ማንንም አልጎዳም። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአባያ ሐይቅ ሰዎች የእኛስ አዞ ምን ጎደለው ብለው ጥያቄ አነሡ። ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ጥናት ተጠና፣ ጥያቄው ተመለሰ፤ የአባያ አዞ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ባንዲራ ላይ ተሳለ። እኛ የጫሞዎች ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ ነው? የእኛም ሆነ። ቀጥሎ የየወንዙ፣ ቀጥሎ የየግድቡ። አንዲት ወረዳማ ሐይቅም አዞም ሳይኖራት ዝርያ ተፈቀደላት፤ አዞው እስኪመጣ እየተጠበቀ ነው። በየቦታው ከበሮ ነበር፣ ድንኳን ነበር። እኔም ጨፍሬያለሁ፣ ምን አውቄ።

ከዚያ የሐረግ አዋጅ መጣ። ሕያው ነገር ሁሉ ሐረጉ ወዳለበት ይሂድ ይላል፣ አለቀ። ልጆች ትምህርት ቤት በዜማ ይሉታል።

አሁን ለምደነዋል። ገበያ ላይ ዓሣው እንኳ፣ ቆሮሶም አምባዛም፣ አፋቸው ተቀምሶ ነው ሚዛን ላይ የሚወጡት። ድመት ይዞ ድልድይ መሻገር ፈቃድ ይጠይቃል። ሰውም ተራው ሲደርስ አፉን ያስቀምሳል፤ ያን ቀን ጠዋት ምንም አይበላም፣ ምራቁ እንዳይበላሽ። ቀማሽ የምንለው መሣሪያ ጥጃ ያህላል፣ አራት እግር አለው፣ ድምፁ እንደ ዜና አንባቢ የታረመ ነው። ምላሱን ያስገባል፣ ይቀምሳል፣ ይናገራል። ያለው አለ ነው። መጀመሪያ ላይ ሹማምንቱ የሚፈልጉት መልስ እስኪመጣ ድረስ ያስደግሙት ስለነበር ድጋሚ ቀመሳ በደንብ ተከልክሏል። ግራ ሲገባው «በማጣራት ላይ» ይላል። በማጣራት ላይ ያለ ነገር ከቆመበት አይነቃነቅም፣ ቀማሹም አጣርቶ ሳይጨርስ ሌላ አይቀምስም። የጎረቤቴ የዳሞቴ ፍየል ድልድዩ መሀል ላይ «በማጣራት ላይ» ተብላ ክረምቱን እዚያው አሳልፋለች፤ ቀማሹም አጠገቧ ቆሞ ዝናብ ሲደበድበው ከረመ። ሣር በየተራ እናመላልስላት ነበር።

የሙሽራ ነገር ግን ገና ሳትቀመስ የታወቀ ነበር። ድብልቅ ናት። እናቷ የጫሞ፣ አባቷ በጎርፉ ዓመት ከአባያ የተሻገረ ነው። የድብልቅ ሐረግ የት ነው ያለው? የትም። ስለዚህ ድብልቅ የሚወሰደው ወደ ጊዜያዊ ማቆያ ነው። ከጊዜያዊ ማቆያ ሲወጣ ያየነው ነገር ቢኖር ፊት ለፊቱ ባለው ሱቅ የሚሸጠው ቀበቶ ነው። ጥሩ ቀበቶ ነው፣ አይበጠስም ይላሉ።

እኔም ድብልቅ ነኝ። ባለቤቴ ማዳልቾም ድብልቅ ነው። ሸንበቆ ወደብ ያለ ሰው በሙሉ ድብልቅ ነው፤ የሰው ዙር ገና ስላልደረሰን ነበር እንጂ።

እንግዲህ የዚያን ቀን የመጣው አቶ ይትባረክ የሚባል የሐረግ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ጭነት መኪና፣ ሁለት ጫኞችና አንድ ቀማሽ ይዞ ነበር። ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲያናግሩት አንገቱን የሚደፋ። አዞ ለማጥናት ባሕር ማዶ ድረስ ሄዷል አሉ። ተመልሶ ሲመጣ ያገኘው ሥራ አዞ መጫን ነው።

«እንደምን አደሩ፣ እትዬ አስናቀች።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። ና ግባ፣ ጥላ ውስጥ ተቀመጥ።»

«አልቀመጥም። ለማረጋገጫ አንዴ እናስቀምሳትና ይዘናት እንሄዳለን። የሐረጉ ነገር እንደሆነ ታውቋል፣ ለደንቡ ያህል ነው።»

«ዶሮ ጥጃለሁ» አልኩት። አልጣድኩም። ዶሮዋ እጄ ላይ ነበረች፣ ጥሬዋን።

ዓይኑ ወደ ሳህኑ ሄደ። «ኧረ እትዬ፣ ለምን ተቸገሩ...»

«ምን ችግር አለው! ሳትቀምስማ ከደጄ አትሄድም። በሞቴ።»

«ሥራው...»

«በሞቴ አልኩህ እኮ።»

ተቀመጠ። ጫኞቹማ ቀድመውት ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ጫማውን ሁሉ አውልቋል። ማዳልቾ ዛፉ ሥር መረቡን እየጠገነ በጎን አየኝ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ከበዓል ውጭ ዶሮ አርጄ አላውቅም፣ ነገሩ ወዲያው ገብቶታል። መረቡ ላይ አቀረቀረ።

አጠብኩ። ደፋሁ። ሎሚ ጨመርኩ፣ ጨው ጨመርኩ፣ አሸሁ፣ ደፋሁ። ቤት ያለው ውኃ ሲያልቅ ሳህኑን ይዤ ወደ ሐይቁ ወረድኩ፣ እዚያም አጠብኩ። ይትባረክ በትዕግሥት አየኝ አየኝና፣ «አሁንማ ነጣች፣ እትዬ» አለ።

«ዶሮ ታውቃለህ አንተ? ገና ናት።»

እንዲህ እያልኩ እስከ ማታ ላቆየው፣ ማታ ደግሞ መንገዱ ጨለመ ብዬ ላሳድረው ነበር ሐሳቤ። ነገ ደግሞ ለነገ አንድ ነገር አላጣም። የረሳሁት ነገር ቢኖር ሙሽራን ነው። የታቀፈች አዞ፣ እንዲያ ካልኳት፣ ጎጆዋን ትታ አደን አትሄድም። ከርማ ከርማ አንጀቷ ታጥፎ ነበር። እኔ ደግሞ አፍንጫዋ ሥር ቁጭ ብዬ ሥጋ አጥባለሁ፣ ጅል።

«አስኒ! እጅሽን!» ሲል ማዳልቾ ብቻ ሰማሁ።

እጄን ሳብኩ። ሙሽራ ሳህኑንም፣ ዶሮዋንም፣ ሎሚውንም አንድ ላይ አፈፍ አድርጋ ቀና አለች። ሳህኑ ጥርሷ ላይ ተሰንቅሮ አፏን መዝጋት አቃታት። በዚህ መሀል ቀማሹ አፍ ተከፍቶ አየ። እሱ የሚያውቀው የተከፈተ አፍ ነው። ተንደርድሮ መጣና ምላሱን አስገብቶ ቀመሰ።

«ዶሮ» አለ በታረመ ድምፁ።

ከጫኞቹ አንዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት አፉን በኮፍያው ሸፈነ። ይትባረክ ብድግ አለ። «ምን?»

«ዶሮ። ንጹሕ። ድብልቅነት አልተገኘም።»

እንዴት ይገኝ? እንደዚያ የታጠበች ዶሮ በዚህ ምድር አልታየችም።

«ስህተት ነው፣ ዶሮ በልታ እኮ ነው! ድገም!»

«ድጋሚ ቀመሳ በደንብ ተከልክሏል። ለማመሳከር ባለሙያው ይመልስ። እንቁላል ትጥላለች?»

ይትባረክ ዞር ብሎ አየኝ። እኔ ሰማይ ሰማዩን አየሁ። «ትጥላለች» አለ።

«እንቁላሏን ትጠብቃለች?»

«ትጠብቃለች፣ ግን...»

«ከዚህ ቀደም አዞ ተብላ ተመዝግባለች። ከሕያዋን ሁሉ የአዞ የቅርብ ዘመድ ማን ነው?»

ይትባረክ ወደ ሙሽራ ዞረ። እንሽላሊት ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር። አርጃኖ ቢልም ያልቅ ነበር። ሰው ሁሉ የሚያስበው እሱን ነው፣ ማንም አይጠይቀውም። ዶሮው ይሰረዛል፣ ድብልቁ ይጸናል፣ ሙሽራ ትጫናለች።

«ወፍ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ምን አልክ?» አልኩት እኔው ራሴ።

«ወፍ ነው፣ እትዬ። ከእንሽላሊት ጋር መልካቸው ነው እንጂ የሚመሳሰለው፣ ከጥንት ተለያይተዋል። ልቧ እንኳ እንደ ወፍ ባለ አራት ክፍል ነው። ወፍና አዞ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ቤቱ ትልቅ ነበር፣ ግዙፍ ግዙፍ ወንድሞች ነበሯቸው፤ ሁሉም አለቁና ሁለቱ ብቻ ቀሩ።» ይህን ሲናገር አንገቱን አልደፋም። ከመጣ ጀምሮ እንደዚያ ደስ ብሎት ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ተመሳክሯል» አለ ቀማሹ። «ዶሮ። ጉዳዩ ወደ ዶሮና አእዋፍ ጽሕፈት ቤት ተላልፏል። መልካም ቀን።»

ሙሽራ ሳህኑን ሰብራ ዋጠችና ወደ ጎጆዋ ተመለሰች። ለይትባረክ ሽሮ ሠራሁለት። በልቶ፣ አመስግኖ፣ ባዶ መኪናውን ይዞ ሄደ። ሲሄድ «እኔ ሐሰት አልተናገርኩም» አለኝ፣ እንደ መማል ብሎ። «ዋሸህ ማን አለህ?» አልኩት።

ዶሮ መሆንም ግን ጣጣ አለው። ከሦስት ቀን በኋላ ከዶሮና አእዋፍ ጽሕፈት ቤት ወይዘሪት ጸዳለ የምትባል ተቆጣጣሪ መጣች። ቀልጣፋ ናት፣ ነጭ ካፖርት ለብሳለች፣ በአንድ እጇ የክትባት ሣጥን፣ በሌላው ለናሙና የሚሰጥ የዶሮ መኖ ይዛለች።

«ዶሮዋ የታለች?»

አሳየኋት። ቆማ አየቻት። መኖውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«የፈረንጅ ናት የሀበሻ?»

«ኧረ የሀበሻ ናት።»

«ትልቅ ናት።»

«ጥሩ ስለምትበላ ነው።»

ጸዳለ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ደንቡን ተናገረች። ዶሮ ባለቤት ይኖራታል፤ እኔ ሆንኩ። ዶሮ ሲመሽ የምትሰፍርበት ቆጥ ይኖራታል። ዶሮ ክንፏ ሥር ትከተባለች። «ክንፏን ያዙልኝ» አለች ሣጥኗን እየከፈተች። ደንብ ስትናገር ዓይኗ ደንቡ ላይ ነው መሰለኝ፣ የተናገረችውን የሰማችው ከተናገረች በኋላ ነው።

«ክንፍ ገና አላወጣችም» አላት ማዳልቾ፣ ሳይስቅ። «ትንሽ ዘግይታለች።»

ያኔ ጸዳለ ሣጥኗን ዘጋችው። «እትዬ አስናቀች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ ዶሮ እርባታ ውስጥ ነው ያደግኩት። ይቺ ዶሮ አይደለችም። ስህተት ነው ብዬ ለሐረግ ባለሥልጣን እመልሳታለሁ። የእንጀራዬ ጉዳይ ነው፣ ምን ላድርግ?»

ክንዷን ያዝኩ። «ልጄ፣ ታቅፋለች እኮ። የታቀፈች ዶሮ ይነሣል?»

«የታቀፈችማ አትነካም፣ ደንቡም ይከለክላል፣ እናቴም አትነካትም። ግን ዶሮ ስትታቀፍ እንቁላሏ ላይ ነው የምትቀመጠው። ይቺ አሸዋ ላይ ተጋድማ... የታሉ እንቁላሎቹ?»

ይህን ስትል ነው ድምፁ የተሰማው። ከአሸዋው ውስጥ፣ ከታች፣ የታፈነ፣ ቀጭን። ጭው። ጭው ጭው። አንዱ ሲጀምር ሌላው ተቀበለው፣ ከዚያ ስንት እንደሆኑ እንጃ፣ አሸዋው በሙሉ ይንጫጫ ጀመር።

የጸዳለ ፊት ተለወጠ። በጉልበቷ ወድቃ ጆሮዋን አሸዋው ላይ አደረገች፣ ነጭ ካፖርቷን ረስታ። «ጫጩት!» አለች። «ወይኔ፣ ከነቅርፊቱ እኮ ነው የሚጮኹት፣ ሊፈለፈሉ ሲሉ እንዲህ ነው...»

«ነይ ልጄ፣ ነይ ወዲህ» ብሎ ማዳልቾ በኮሌታዋ ጎትቶ አነሣት። «እናትየዋ መጣች።»

ሙሽራ መጣች። በፊት እግሮቿ አሸዋውን ቀስ ብላ ቆፈረች፣ ያን ሁሉ ክብደት ይዛ፣ ቀስ ብላ። የመጀመሪያው እንቁላል ሲታይ በጥርሷ አነሣችው። እኔ በዚያ ጥርስ የውሻዬ አጥንት ሲደቅ ሰምቻለሁ። እንቁላሉን ምላሷና ላንቃዋ መሀል አድርጋ አንከባለለችው፣ ቅርፊቱ ተሰነጠቀ፣ ስንዝር የሚያህል ግልገል ወጣ። አፏን ገጠመች።

«በላቻት!» ብላ ጸዳለ ጮኸች። «ውይ፣ በላቻት!»

አልበላቻትም። ወደ ውኃው ወረደች፣ አፏን ከፈተች፣ ራሷን ነቅነቅ አደረገች፣ ግልገሏ ዋኘች። ሙሽራ ተመለሰች፣ ሌላ ያዘች፣ ወረደች። አለቀስኩ። ሁለት ፍየልና አንድ ውሻ የበላችብኝን አውሬ እያየሁ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ማዳልቾም ፊቱን ወደ መረቡ አዞረ።

ጸዳለ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ኮሌታዋ ላይ ላለው መቅጃ ተናገረች፦ «ጫጩት አስፈልፍላለች። ጫጩት ያላት ዶሮ አትነሣም። ጫጩቶቿን በጥሩ ሁኔታ ትይዛለች።» ካሰበች በኋላ ጨመረች፦ «ቆጥ የላትም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «እትዬ፣ ቆጡን ግን ነገሬ ይበሉ። ተመልሼ ስመጣ ማየት አለብኝ፣ አለዚያ እኔም መልስ የለኝም» አለችኝ። መኖውን ትታልን ሄደች። ማዳልቾ ለዓሣ ማጥመጃ ተጠቀመበት።

ቆጡን አልሠራንም። ምን ዓይነት እንጨት ይችላታል?

መስከረም ላይ የፈራነው ደረሰ፣ የሰው ዙር ሸንበቆ ወደብ ነው ተባለ። ከጠዋት ጀምሮ ቀመሳ አለ፣ ምንም አትብሉ፣ ድብልቅ የሆነ በአውቶቡስ ወደ ጊዜያዊ ማቆያ ይሄዳል፣ ለመንገድ ቀለል ያለ ልብስ ይያዝ። ድብልቅ የሆነ ማለታቸው ለጨዋነት ነው፤ ሁላችንም እንደሆንን ያውቃሉ።

በዋዜማው ዳሞቴ፣ የፍየሏ ባለቤት፣ በሬን አንኳኳች። ብብቷ ሥር አውራ ዶሮ ይዛለች።

«አስናቀች፣ የማጠቡ ነገር ተዋጥቶልሻል ይባላል» አለች። ሳቋን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፣ ዓይኗ ቀልቷል።

ከኋላዋ ሌላ ሰው ነበር፣ ከዚያም ሌላ። ሰፈሩ በሙሉ ዶሮ ይዞ መጣ። እምቢ ብል በምን አፌ? አብረን አረድን፣ አብረን ገነጣጠልን፣ ውኃው እንደ መስታወት እስኪጠራ አጠብን። ከምር ነው የምላችሁ፣ ሰፈራችን ከተመሠረተ እንደዚያ ሰብሰብ ብለን ሠርተን አናውቅም። አንዳችንም ይሠራል ብለን አላመንም። ግን እጃችንን አጣጥፈን መጠበቅ አቃተን።

ጠዋት አውቶቡሱ መጣ። ይትባረክ ወረደ፣ ቀማሹ ተከተለው። ሐይቁ ዳር ተሰልፈን ነበር።

«እንደምን አደራችሁ?» አለ ይትባረክ።

ሁላችንም ጉንጫችንን ነፍተን ራሳችንን ብቻ ነቀነቅን። እሱም ከጎጆዬ የሚወጣውን የወጥ ሽታ ሳብ አደረገ፣ የአንዷን ልጅ ጉንጭ አየ፣ የእኔን አየ። አንገቱን ደፋ።

በዕድሜ ትልቁ ማዳልቾ ስለሆነ ፊት ቆሟል። ቀማሹ ፊቱ መጣ። «አፍዎን ይክፈቱ።»

ማዳልቾ ከፈተ። ጉንጩ ላይ ያለው ፈረሰኛው ነበር፤ ለባለቤቴ ሌላ ብልት ልሰጠው ነው?

«ዶሮ» አለ ቀማሹ። «ንጹሕ። ለማመሳከር ባለሙያው ይመልስ። እንቁላል ይጥላል?»

«አይጥልም» አለ ይትባረክ።

«ወንድ በመሆኑ ታልፏል። ሲነጋ ይጮኻል?»

ይትባረክ ወደ እኔ ዞረ። የያዝኩትን ዋጥኩ። «ጫማዬ የት ገባ እያለ! አንድ ቀን አስታጉሎ አያውቅም!»

«ይጮኻል» አለ ይትባረክ።

«ከዚህ ቀደም ሰው ተብሎ ተመዝግቧል። ከሕያዋን ሁሉ የሰው የቅርብ ዘመድ ማን ነው?»

መልሱን የማያውቅ የለም። ቺምፓንዚ ነው፣ ልጆችም ያውቁታል። ያንን ሲል ዶሮው ይሰረዛል፣ ድብልቁ ይጸናል፣ የአውቶቡሱ በር ክፍት ነው። ይትባረክ ደግሞ የማይዋሽ ልጅ ነው፣ በአንደበቱ ነግሮኛል። ማዳልቾ አፉን እንደከፈተ በዓይኑ ፈለገኝ። እኔም ሄጄ እጁን ያዝኩት፣ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ይትባረክ ሰልፉን ከዳር እስከ ዳር አየ። ዳሞቴ ልብሷን በፌስታል ይዛለች። ከውኃው ላይ ሙሽራ ጀርባዋን ብቻ አውጥታ ተንሳፋለች፣ ግልገሎቿ ራሷ ላይ ተደርድረዋል።

«ጎረቤቱ» አለ።

«መልሱ ይደገም።»

«የሰው የቅርብ ዘመዱ ጎረቤቱ ነው።» አንገቱን አልደፋም። «ጻፍ።»

ቀማሹ ምላሱን እንዳወጣ ቀረ። «ጎረቤት» አለ። ቆየ። «ጎረቤት» አለ ደግሞ፣ የዜና አንባቢ ድምፁ ትንሽ እየተንቀጠቀጠ። ከዚያ፣ «በማጣራት ላይ።»

መጀመሪያ የገባት ዳሞቴ ናት፣ የፍየሏ ባለቤት ናትና። ፌስታሏን ጣለችና እልል አለች፣ አፏ ውስጥ ያለው ሥጋ ሁሉ ወጣ።

ይትባረክ የዚያን ቀን ዶሮውን ደህና አድርጎ በላ። አውቶቡሱ ባዶውን ተመለሰ። እሱን ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ከሥራ ወጣ የሚሉ አሉ፣ ወደ አንዱ ግድብ ተዛወረ የሚሉም አሉ። እንደምን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ቀማሹ ግን እስካሁን እያጣራ ነው፣ ሌላ ሰው አልቀመሰም። ማዳልቾም በማጣራት ላይ ስለሆነ ከቆመበት አይነቃነቅም። መጀመሪያ ወንበር አወጣንለት፣ ከዚያ ጥላ ሠራንለት፣ ከዚያ አልጋ። የኔንም አልጋ አወጣሁ፣ ብቻዬን ቤት ውስጥ ምን እሠራለሁ? መረቡን እዚያው ይጠግናል፣ ሲነጋ ጫማው ፊቱ ተቀምጦም ይጮኻል። ሙሽራ ከእግራችን ራቅ ብላ አሸዋው ላይ ትጋደማለች። ከዚያ ዋዜማ የተረፉ ዶሮዎች አሉን፣ ማታ ማታ ቀማሹ ጀርባ ላይ ወጥተው ይሰፍራሉ። ጸዳለ ተመልሳ መጥታ አየች፣ ለረጅም ጊዜ አየች፣ ከዚያ ኮሌታዋ ላይ «ቆጥ አለ» ብላ ሄደች።

ሌላ ቀማሽ ይላካል ሲባል እሰማለሁ። ይምጣ። ከደጄ ሳይበላ አይሄድም።